ዕቃው ሁሉ ጥሩ፣ አብሮ ግን አይነሳም

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂዋ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ታቀናብራለች። እስካሁን በተውሶ ላፕቶፕ ነበር የምትሠራው። አሁን የራሷን ዴስክቶፕ ራሷ ልትገጥም ቆርጣ ተነስታለች። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ማዘርቦርዱን ወልድያ ካለው ከአጎቴ ልጅ ገዛሁት፤ ያገለገለ ቢ450ኤም ነው። ኬዝም አለኝ። ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ 600 ዋት ይላል። ወንድሜ ዓርብ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የቀረውን ይዞልኝ ይመጣል፦ ኮር አይ5-12400ኤፍ ፕሮሰሰር፣ አንድ 16 ጊጋ ዲዲአር5 ራም፣ 256 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ። ግራፊክስ ካርድ ሌላ ጊዜ፣ ገንዘብ ሲገኝ። ሁሉም ጥሩ ዕቃ ነው ብለውኛል። ግን ይስማማሉ ወይ?»

እህቴ፣ ይህን ማንበብ ከመቀጠልሽ በፊት ለወንድምሽ ደውዪለት። «ገና ምንም እንዳትገዛ» በዪው። ከዚያ ተመለሽ።

ደወልሽ? አብሽሪ። እስካሁን ያወጣሽው ገንዘብ አልባከነም። ጥሩ ዕቃ ነው ያሉሽም ሰዎች አልዋሹሽም። ከዘረዘርሽው ውስጥ፣ ፓወር ሰፕላዩን ትተሽ፣ ለብቻው ሲታይ የሚነቀፍ ዕቃ የለም። አብረው ግን አይነሱም። በዚህ ዝርዝር ብትገጥሚው አንድ ቀንም ምስል አታዪበትም። ምክንያቱም ሦስት ነው። አራተኛው ምክንያት ደግሞ ያ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ እሱን ለብቻው አመጣዋለሁ።

አንቺ ሠርግ ቀራጭ ነሽና በሠርግ ልንገርሽ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ዝምድና የሌላቸው ናቸው የማይጋቡት። ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱና ራሙ የአንድ ቤት ልጆች መሆን አለባቸው። የቀረው ሁሉ የልክና የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ይገባል ወይ፣ ይችላል ወይ ነው።

ከፕሮሰሰሩ እንጀምር። ቦርዱን ከካርቶኑ አውጪና መሃሉን እዪ። የክብሪት ቀፎ የሚያህል አራት ማዕዘን ፕላስቲክ አለ፤ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ነው። ጎኑ ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ ተኝቷል። ፕላስቲኩ ላይ ኤኤም4 የሚል ጽሑፍ ታገኛለሽ። ገጹ ወንፊት ይመስላል፤ 1,331 ቀዳዳ አለው። ለዚህ ሶኬት የተሠራ ፕሮሰሰር ደግሞ ሆዱ ላይ 1,331 ጸጉር የሚያካክሉ እግሮች አሉት። የኤኤምዲ ነው። አንቺ የመረጥሽው የኢንቴል ነው። እግር የለውም፣ ሆዱ ልሙጥ ነው። የሚቀመጠው ኤልጂኤ1700 በሚባል ሶኬት ላይ ነው፤ እዚያ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው። ሁለቱ በምንም መንገድ አይገናኙም። አስማሚ የሚባል ነገርም የለውም።

በስሙ ብትሳሳቺ አልፈርድብሽም። ስሙ ራሱ ሰው ያሳስታል። ቢ450 የኤኤምዲ ነው፣ ቢ460 የኢንቴል። ቢ550 የኤኤምዲ ነው፣ ቢ560 የኢንቴል። ቢ650 የኤኤምዲ፣ ቢ660 የኢንቴል። ልዩነቱ አሥር ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ደንበኛዬ ከባቲ ድረስ ቢ650 ቦርድና የኢንቴል ፕሮሰሰር በፌስታል ይዞ መጥቶ ነበር። «ሻጩ ስድስት መቶ ምናምን ነው የሚሆነው አለኝ» አለ። ስድስት መቶ ምናምን! እዚያች ምናምን ውስጥ ነው ጣጣው ሁሉ። ስለዚህ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ፣ በስልክ ስትናገሪም እስከ መጨረሻው ተናገሪ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ብዙ ሰው ኬዙን ከነሆዱ «ሲፒዩ» ይለዋል። ወንድምሽ ሱቅ ገብቶ «ሲፒዩ ስጡኝ» ካለ ሙሉ ማሽን ያሳዩታል። «ፕሮሰሰር» ይበል።

ሁለተኛው ራሙ ነው። ቢ450 የሚቀበለው ዲዲአር4 ብቻ ነው። ዲዲአር5 ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል ብለሽ ልትጭኚበት አትችዪም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው በርዝመት እኩል ናቸው፤ የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶችም እኩል 288 ናቸው። ልዩነቱ ታች ያለችው ቆረጣ ናት። በዲዲአር5 ቦታዋ ትንሽ ወደ መሃል ፈቀቅ ብሏል። የፋብሪካው ሰዎች ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው፤ ሰው ተሳስቶ እንዳይሰካ። በግድ ካልሆነ አይገባም። በግድ ከገባ ተሰብሯል ማለት ነው።

ያገለገለ ራም ከተገኘም ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፣ የዴስክቶፑን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ዓይን ይለየዋል። የሰርቨር ራም ግን ቁመቱ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ነው። ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ላዩ ላይ ሬጂስተርድ ወይም አርዲም የሚል ካለበት ይለፈው። እንደ ያንቺ ባለ ቦርድ ላይ አይነሳም።

ሦስተኛው ያቺ ኤፍ ናት። ኢንቴል ከቁጥሩ ኋላ ኤፍ ካደረገ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ግራፊክስ የለም ማለት ነው። ዋጋው ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው ጥሩ ግዢ ነው። አንቺ ግን ካርዱን ሌላ ጊዜ እገዛለሁ ብለሻል። እስከዚያ ምስሉን የሚያወጣው ማን ነው? ማሽኑ ይነሳል፣ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ምክንያት «አዲስ ኮምፒውተሬ ተበላሸ» ብለው የሚመጡብኝን ብቆጥር ደህና ቁጥር ይወጣዋል። የተበላሸ ነገር የለም። ዓይን ሳይኖረው ነው የተገዛው።

ታዲያ ምን ትግዢ? ቦርዱ እጅሽ ላይ ስላለ ነገሩን እሱ ይወስነው። በእኔ እምነት ላንቺ የሚሆነው ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፣ 65 ዋት ነው፣ ግራፊክሱ ውስጡ ነው። ለኤኤም4 ሶኬት የተሠራ ነው። ጂዋን አደራ። ሻጩ «5600 ይሻላል፣ ይፈጥናል» ሊለው ይችላል። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይፈጥናል። ግን እሱም ግራፊክስ የለውም። 5500ም የለውም። 5600ጂ ከጠፋ 5600ጂቲ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። ካሜራሽ ምን ዓይነት ፋይል ነው የሚያወጣው? ይህን ሳላውቅ ዝም ብዬ ግዢ ብልሽ ሙያዬን ማቅለል ነው። ተራውን ሙሉ ኤችዲ ወይም ባለ 8 ቢት ፎርኬ የሚቀርጽ ከሆነ 5600ጂ ያጫውተዋል። ካሜራው አዲስ ከሆነና ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 ኤች.265 የሚባለውን፣ ብዙ ቀለም ይዞ በጣም የታመቀውን ፋይል የምትቀርጺ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል 5600ጂ ውስጥ ያለው ግራፊክስ አያግዝም፤ ሸክሙ ሁሉ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮውን ጎትተሽ ስታዪው እየተንቀራፈፈ ያበሽቅሻል። የኢንቴል 12ኛው ትውልድ ግን፣ ኤፍ የሌለበት ማለቴ ነው፣ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ክፍል አለው። እንዲህ ያለ ፋይል በቀላሉ ይፈታል። ስለዚህ ካሜራሽ እንደዚያ ከሆነ የአጎትሽን ልጅ ቦርድ ሸጠሽ፣ ኮር አይ5-12400 ያለ ኤፍ ግዢ። ቦርዱ ቢ660 ወይም ቢ760 ይሁን። እነዚህ ቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር5 ናቸው፤ ሁለቱንም የሚቀበሉ አድርገሽ እንዳታስቢ። ካርቶኑ ላይ ዲ4 ወይም ዲዲአር4 የሚል ካለ ዲዲአር4 ነው።

በነገራችን ላይ አይ7 እና አይ9 ያገለገለ 13ኛና 14ኛ ትውልድ በቅናሽ አገኘሁ የሚል ሰው ከመጣ ቸኩለሽ አትግዢ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ራሱ በእነዚህ ትውልዶች ላይ የቮልቴጅ ችግር እንዳለ አምኖ፣ በባዮስ (ቦርዱ ውስጥ ሆኖ ማሽኑን በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚጫን ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናቸውንም አራዝሟል። ማስተካከያው ከዚህ በኋላ ያለውን ይጠብቃል፤ ድሮ የተጎዳውን ግን አይመልስም። 12ኛው ትውልድ እዚህ ውስጥ የለበትም።

ካሜራሽ ተራ ነው ብዬ ልቀጥል። አብዛኛው የሠርግ ሥራ እንደዚያ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር። ቢ450 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 5600ጂ ገበያ የገባው በ2021። ቦርዱ ሲሠራ ይህ ፕሮሰሰር ገና አልተወለደም ነበር። ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ይቀመጣል፤ ግን ቦርዱ ውስጥ ያለው ባዮስ ካልታደሰ አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም። እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ተሸውጃለሁ። ዕቃውን አሽጌ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ ለሻጩ «የሞተ ፕሮሰሰር ሸጥክልኝ» ብዬ ጮኬበታለሁ። ሰውየው ሌላ ቦርድ ላይ አድርጎ ፊቴ አስነሳው። ስመለስ ጣርማ በርን እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም፣ ከሐፍረቴ የተነሳ።

የባዮሱን ነገር የምታጣሪው እንዲህ ነው። ቦርዱ ላይ ሙሉ ስሙ ታትሟል፣ ብዙውን ጊዜ በትልቁ፣ በግራፊክስ ካርዱ ማስገቢያ አካባቢ። ከነመጨረሻ ፊደሉ ጻፊው። የሠሪው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጊና የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ክፈቺ። ከ5600ጂ ፊት ለፊት የባዮስ ቁጥር አለ። ያንቺ ቦርድ ባዮስ ከዚያ እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት። ያንቺ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የአጎትሽ ልጅ ነው። አሮጌ ፕሮሰሰሩን ገና ካልሸጠው እሱው ያድስልሽ። ከሸጠውም ችግር የለም። ደሴ ብቅ ካልሽ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ ያስቀመጥኩት አንድ አሮጌ ራይዘን አለኝ። ከሐይቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቦርዱን ብቻ ይዘሽ ነይ።

ራስሽ ልታድሺው ከሆነ ግን ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ከሚያቆየው ዕቃ ውጪ፣ እንዳትነኪው። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ ድብን ብሎ ሊቀር ይችላል። የኛን መብራት ታውቂዋለሽ።

ራሙን ሁለት አድርጊው። አንድ ባለ 16 ከምትገዢ ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ሁለት ባለ 16 ከቻልሽ ደግሞ ለቪዲዮ እሱ ነው የሚመቸው። ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንድ ራም ብቻ ካለ አንዱ መንገድ ባዶውን ይቆማል። ግራፊክሱ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከዚያው ራም ነው ተበድሮ የሚበላው፤ ስለዚህ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ ይሁኑ። ፍጥነቱ 3200 ይበቃል። ቦርዱ ላይ አራት ማስገቢያ ካለ፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሪ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ስኪ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጨርስና እዚህ ሲደርስ ይሰስታል።

ያንቺን አውጪና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። «600 ዋት» የሚለውን ትልቁን ጽሑፍ እርሺው። ከታች ሠንጠረዥ አለ። እዚያ ላይ 12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ፈልጊ። ሥሩ የአምፒር ቁጥር አለ። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። ሁለቱን አባዢያቸው። አንዱን ደንበኛ ወረቀቱን አስነበብኩት፤ 12 ቮልት፣ 18 አምፒር። ሲባዛ 216 ዋት ነው። ሳጥኑ ላይ ደግሞ 600 ይላል! እውነተኛ 550 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልቱ ብቻ 45 አምፒር አካባቢ ያወጣል። ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የዚያኛው ዓይነት ነው። በእጅሽ መዝኚውም፤ ከባዶ ጣሳ ብዙም የማይከብድ ከሆነ ውስጡም ብዙ ነገር የለም።

5600ጂ ያለ ግራፊክስ ካርድ ብዙ አይበላም። ሁሉ ተደምሮ 200 ዋት አይሞላም። «ታዲያ ለጊዜው በዚሁ ልቆይ?» ትዪኝ ይሆናል። እኔ አልልሽም። ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ ቦርዱን ወይ ዲስኩን ይዞ ይሄዳል። ዲስኩ ላይ ደግሞ የሰው ሠርግ አለ። ሙሽሮቹ ድጋሚ አይጋቡልሽም። ኤይቲ ፕላስ ብሮንዝ የሚል (መብራት በከንቱ ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክር ምልክት ነው)፣ 550 ዋት ይግዛልሽ። ነገ አርቲኤክስ 3060 ብታክዪበት እንኳ፣ ካርዱ 170 ዋት ነው፣ በዚያው ይችለዋል።

ከኋላው ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር ካለው፣ 115 እና 230 የሚል፣ 230 ላይ መሆኑን ሳታዪ እንዳትሰኪው። እኔ የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን የገጠምኩ ቀን 115 ላይ ነበር። አላየሁትም። አክስቴ ቡናውን ሦስተኛ ዙር፣ በረካውን፣ እያፈሉ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፣ እኔም ላሳያቸው ጓጉቻለሁ። ተጫንኩት። ጧ! ቤቱ ጨለመ። የተቃጠለው ነገር ሽታ ዕጣኑን አሸነፈው። አክስቴ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሲኒውን ብቻ ወደ ጓዳ አሸሹ። ጥሩዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ዛሬ ይህ ማብሪያ የላቸውም፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ። ማብሪያው መኖሩ ራሱ ስለ ዕቃው ይነግርሻል።

ገመዶቹን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። ባለ ስምንት ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ገመድ ታያለሽ። አንዱ ለሁለት የሚከፈለው አራት ለአራት ሆኖ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ነው። ሌላው ስድስትና ሁለት ሆኖ ነው የሚከፈለው፤ የግራፊክስ ካርዱ ነው። ይመሳሰላሉ፣ አንድ አይደሉም። ሌላው፣ ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ፈጽሞ አትቀላቅዪ። ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ውስጡ ግን ቮልቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በዚህ አንድ ቴራ ዲስክ ዓይኔ እያየ ጨሷል።

ኤስኤስዲው ይስማማል። ቦርድሽ ላይ ኤም.2 የሚባለው ማስገቢያ አለ፤ ማስቲካ የምታህለዋን ኤንቪኤምኢ ይቀበላል። 2280 የሚል ልክ ይሁን፤ 22 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ይህ ቦርድና ይህ ፕሮሰሰር የሚሠሩት በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ዲስኩና ፕሮሰሰሩ የሚገናኙበት መስመር) ፍጥነት ነው። አራተኛ ትውልድ ዲስክ ቢሰካም ይሠራል፣ ግን ወደ ሦስተኛው ፍጥነት ዝቅ ብሎ። ለዚያ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። 256 ጊጋው ግን ላንቺ ሥራ አይበቃም። ዊንዶውስና ፕሮግራሙ ከተጫኑ በኋላ አንድ ሠርግ ይሞላዋል። ቢቻል 1 ቴራ፣ ካልሆነ 500 ጊጋ። ያለቀውን ሥራ ወደ ተራ ሃርድ ዲስክ ታሸሺዋለሽ። ኤስኤስዲውን ስትሰኪ፣ ሳታውቂው፣ ተራ ሃርድ ዲስክ ከሚሰካባቸው የሳታ ማስገቢያዎች ሁለቱ ሊዘጉብሽም ይችላሉ፤ አንዳንድ ቦርድ ላይ ኤም.2 ሲያዝ እነሱ ይጠፋሉ። የቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። «ሃርድ ዲስኩ አልታይ አለ» ስትዪ መጀመሪያ ገመዱን ወደ ሌላ ማስገቢያ ቀይሪው።

ስለ ሃርድ ዲስክ ካነሳን፣ የኛ ደጋ ጉዳይ አለበት። ተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያዋ የምትንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው የሚፈቅዱት። ሐይቅም ደሴም ከዚያ በታች ስለሆኑ ስጋት አይግባሽ። ከዚያ በላይ ባለው ደጋ የሚኖር ዘመድ ካለሽ ግን ኤስኤስዲ ብቻ ይጠቀም። አየሩ ሲሳሳ ፋንም ትንሽ ይደክማል። ብርዱ ግን ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ላሉት ነው የበለጠ የምሰጋው፤ እዚያ ሙቀቱ ይጠናል።

ኬዙ ቀላል ነው። ኤም የሚለው ፊደል ማይክሮ ኤቲኤክስ ማለት ነው፤ ቦርዱ ቢበዛ 24.4 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ኬዝሽ ኤቲኤክስም ይሁን ማይክሮ ይገባል። ከቢሮ የወጣ የዴል ወይም የኤችፒ ቀጭን ኬዝ ከሆነ ግን ንገሪኝ። የእነዚህ ብዙዎቹ በራሳቸው ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ሌላ ቦርድ አያስገቡም፣ ፓወር ሰፕላያቸውም የተለየ ነው። ቦርዱን ከመግጠምሽ በፊት ከስሩ ያሉትን የነሐስ እግሮች ቁጠሪ። ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር ያልገጠመች እግር ካለች ንቀያት፤ የቦርዱን ጀርባ ነክታ ሾርት ታደርገዋለች። ለወደፊቱ የግራፊክስ ካርድም የኬዙን ውስጥ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪና ጻፊው። ካርዱን ስትገዢ ርዝመቱን ከዚያ ጋር ታስተያያለሽ።

ፕሮሰሰሩ በካርቶን ይሁን። ካርቶን ያለው ፋኑን ይዞ ይመጣል፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ፔስቱም፣ ፋኑ ላይ ተቀብቷል። በፕላስቲክ ብቻ የሚሸጠው ርካሽ ይመስላል፤ ፋን ለብቻው ስትገዢ ግን ያው ነው። ወንድምሽ መንገድ ላይ ከፕላስቲክ ቤቱ እንዳያወጣው። እነዚያ 1,331 እግሮች በጣት ይጎብጣሉ። ስታስቀምጪው ጥግ ላይ ያለችውን የወርቅ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አጋጥሚ። ዘንጉን አንሺ፣ ፕሮሰሰሩን ልቀቂው፣ በራሱ ክብደት ጠብ ይላል። መጫን ካስፈለገሽ ተሳስተሻል ማለት ነው።

ደግሞ ማታ ብርድ ነው ብለሽ ጋቢ ተከናንበሽ እንዳትገጥሚ። ጨርቅ ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ አይታይም እንጂ ቺፕ ይገድላል። ምንጣፍ ከሌለበት ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ ሥሪ። በየመሃሉ የኬዙን ቀለም የሌለው ብረት ንኪ።

ዩፒኤስ ስትገዢ ቪኤና ዋት አንድ አይደሉም። 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው የሚሸከመው። ላንቺ ማሽንና ስክሪን ይበቃል፤ ሥራሽን አስቀምጠሽ እስክታጠፊ ጊዜ ይሰጥሻል። ስታቢላይዘር ብቻውን መብራት ሲሄድ አያድንሽም። ኬዙን ስትነኪ ጣትሽን ንዝር ካደረገሽም ዝም አትበዪ፤ የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ የለውም፣ ኤሌክትሪሽያን ጥሪ።

ዊንዶውስ 11 ጫኚ፤ ይህ ፕሮሰሰር ይቀበለዋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የካሜራሽን ስምና የቦርዱን ሙሉ ስም ላኪልኝ። ካሜራው ተራ ከሆነ ለወንድምሽ ይህን እንዳለ በቴሌግራም ላኪለት፦

«ራይዘን 5 5600ጂ፣ ጂ ያለው፣ በካርቶን። የዴስክቶፕ ራም ዲዲአር4፣ 3200፣ ባለ 16 ሁለት፣ አንድ ዓይነት፤ ከተወደደ ባለ 8 ሁለት። ኤንቪኤምኢ 1 ቴራ፣ 2280። ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት፣ ብሮንዝ፣ 12 ቮልቱ ከ40 አምፒር በላይ የሆነ። ከመክፈልህ በፊት የእያንዳንዱን ካርቶን ፎቶ ላክልኝ። አውቶቡስ ላይ ጣሪያ እንዳትጭነው፣ ጭንህ ላይ ያዘው።»

ደረሰኙንም እንዳይጥለው በዪው።